ለፋሲካ ድራማ ዶሮ ወጥ፣ በሁዳዴ ቀረጻ

አንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄ የለጠፈችው አዲስ አበባ ውስጥ ለቴሌቪዥን ድራማ ፕሮፕስ፣ ማለትም ትዕይንት ላይ የሚታዩ ዕቃዎችን፣ የምትሠራ ልጅ ናት። ለፋሲካ የሚተላለፍ የበዓል ድራማ ይዛለች። የፋሲካ ድራማ የሚቀረጸው ደግሞ ከፋሲካ በፊት ነው፣ ማለትም በሁዳዴ። ቤተሰቡ መሶብ ከቦ ዶሮ ወጥ የሚበላበት ትዕይንት አለ። ቀረጻው ሁለት ቀን ይፈጃል። ከስድስቱ ተዋንያን አራቱ ጿሚ ናቸው። አንዷ ሙስሊም ናት። የቀረበለትን ሁሉ የሚበላው አንዱ ብቻ ነው። ወጡ መብራት ስር ትንሽ ሲቆይ ቅቤው ይረጋል። እንጀራው ዳር ዳሩን ይጠቀለላል። አርት ዳይሬክተሩ ሁሉንም በፕላስቲክ ሥሪው ብሏታል። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ዶሮ ወጥ የሚመስል፣ ሁለት ቀን መልኩን የማይቀይር፣ ተዋናዩም አፉ ውስጥ ቢከተው ችግር የሌለው ነገር የሠራ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከስሩ የተሰጡትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሦስት መልስ አግኝቶ ይሞታል። ይሄኛው ሃያ አራት ደረሰ።

1ኛው መልስ የትሑት ሰው ነው። ከሁሉ በፊት እንኳን ለዚህ ሥራ አበቃሽ ይላታል። ምክሩ አጭር ነው፦ እውነተኛ ዶሮ ወጥ ይሠራ፣ መልኩ ሲበላሽ በአዲስ ይቀየር። ነገሩን ማንም አያወሳስበው።

2ኛው መልስ የጻፈው የካሜራ ረዳት ነው፣ በ1ኛው ሳቀበት። ለሠራተኛው ምሳ ሽሮ የሚያዝ ፕሮዲውሰር ለመሶቡ በቀን አራት ዶሮ ሲገዛ ለማየት ጓጉቻለሁ ብሎ ቀለደ። ሌላም ችግር አነሳ። ወጡ እውነተኛ ከሆነ ካሜራ ሳይነሳ ያልቃል። ቴክኒሺያኑ ይበላዋል። እነሱ ጋ አንድ ጊዜ ከጀሶ የተሠራ እንቁላል ወጥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እረፍት ሲባል አንዱ የመብራት ልጅ እንቁላሏን ብድግ አድርጎ ነከሳት። ጥርሱ ተርፏል። ቀረጻው ግን በሳቅ ምክንያት ቶሎ አልቀጠለም።

3ኛው መልስ ረጅም ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ ለማስታወቂያ ቀረጻ ምግብ በሚያሰናዱ ባለሙያዎች ስር ረዳት ሆና የሠራች ልጅ ናት። የሥራውን መሠረት ጥሩ አድርጋ አስረዳች። የካሜራ ምግብ ሦስት ዓይነት ነው። ከጀርባ የሚታይ፣ የሚነካ፣ የሚበላ። ከጀርባ የሚታየው ከምንም ይሠራ፣ ግድ የለም። የሚነካው ክብደቱና ልስላሴው እውነት መምሰል አለበት። የሚበላው ብቻ ምግብ መሆን አለበት። ከዚያ ዘዴዎቿን ዘረዘረች። አይስክሬም ስለሚቀልጥ በተፈጨ ድንች ይተካል። በቁርስ እህል ላይ የሚታየው ወተት ነጭ ሙጫ ሊሆን ይችላል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የሚመስል ጠርሙስ በውኃና በግሊሰሪን ይረጫል፣ ጠብታው ሳይደርቅ ይውላል። ውስኪው ሻይ ነው። ተዋናይ ደግሞ የጎረሰውን ሁሉ አይውጥም። ዳይሬክተሩ ቁረጥ ሲል የሚተፋበት ባልዲ ከጠረጴዛው ስር ይቀመጥለታል። ለጠያቂዋ የሰጠቻት ቀጥተኛ ምክር ቅቤውን አውጥታ በዘይት እንድትተካ ነው። ዘይት አይረጋም፣ ሲደበዝዝም በብሩሽ ዘይት መቀባት ነው። ለእንፋሎት ደግሞ ጥጥ በፈላ ውኃ ነክሮ ከሳህኑ ጀርባ መደበቅ ይበቃል።

እኔ እስከዚህ ድረስ ክሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

4ኛው መልስ ግን 3ኛዋን አረማት፣ ትንሽ ሻከር ባለ አነጋገር። እሷ የምታወራው ስለ ማስታወቂያ ነው፣ ድራማ ሌላ ነው አላት። የማስታወቂያ ምግብ አንድ ሰከንድ አምሮ ከታየ በቂ ነው። የድራማ ምግብ ይቆረሳል፣ ይጠቀለላል፣ ይታኘካል። ደግሞም ማስታወቂያ ሕግ አለበት። ካምቤል የሚባለው የአሜሪካ የታሸገ ሾርባ አስተዋዋቂዎች ሳህኑ ውስጥ፣ ከሾርባው ስር፣ ብይ አስቀምጠው ነበር። ብዩ አትክልቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ሾርባው ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1970 በትእዛዝ ቋጨው። የሚሸጠውን ነገር ማስመሰል ማታለል ነው። ድራማ ውስጥ ግን ዶሮ ወጡን ማንም እየሸጠ ስላልሆነ እንደፈለጉ ማስመሰል ይቻላል። አነጋገሩ ባይጥመኝም ልክ ነው።

5ኛው ስለ እንፋሎቱ ነው። ጥጡን ምን አመጣው፣ እጣን እያለ? ከመሶቡ ጀርባ ማጨስ ነው ይላል። 6ኛው ወዲያው ተቃወመ። የእጣን ጭስ ሰማያዊነት አለው፣ ይጠማዘዛል፣ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። እንፋሎት ግን ብቅ ብሎ ይጠፋል። ተመልካች ልዩነቱን በቃል ባያስረዳም ዓይኑ ያውቀዋል። ቡና በሚፈላበት ትዕይንት እንጂ ወጥ ላይ እጣን አይሆንም። ይሄው 6ኛ መልስ ሰጪ ግን መጨረሻው ላይ አበላሸው። እንጀራው እንዳይደርቅ ፀጉር ላይ የሚነፋውን ስፕሬይ ንፉበት ብሎ ጨመረ።

7ኛው መልስ የክሩ ሁሉ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፉት ብዙ ዘመን በመድረክም በቴሌቪዥንም የተወኑ እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ስፕሬዩን የመከረውን ሰው ገሠጹት። እሳት የሚይዝ፣ መርዝነት ያለው ነገር ሰው በሚበላበት መሶብ ላይ አይነፋም። ከዚያ ወደ 3ኛዋ ተመለሱ። ያ ሦስት ዓይነት የተባለው አከፋፈል ፈረንጅ አገር ይሠራል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው። የሚበላውን ሳህን እዚህ፣ የማይበላውን እዚያ ማድረግ ይቻላል። እኛ ጋ ትሪው አንድ ነው። እጅ የትም ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉርሻ አለ። ጉርሻ ስክሪፕቱ ላይ ባይጻፍም ይመጣል። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰው ትዕይንቱ ሲሞቅለት ጠቅልሎ ልጁን ያጎርሳል። ልጅ ሆና የምትጫወተው አፏን ከመክፈት በቀር ምን ታደርጋለች? በሁዳዴ ሥጋ ያጎርሳታል፣ ወይም ቀለም የተቀባ ስፖንጅ። እሳቸውም በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ጎርሰው፣ ቃላቸውን ሳያቋርጡ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ትዕይንቱን እንደጨረሱ ጻፉ። ምን እንደጎረሱ አልነገሩንም። ቢነግሩን ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ሕጋቸው ግልጽ ነው፦ መሶቡ ላይ እጅ የሚደርስበት ነገር ሁሉ የሚበላ ይሁን፣ የሚበላውም ሁሉ የጾም ይሁን።

ጠያቂዋ 8ኛ ላይ ብቅ አለች። እትዬ ብላ አመሰገነቻቸው። ታዲያ የጾም ዶሮ ከምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። ለሙስሊሟ ተዋናይትም መፍትሔው ይሄው እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። እውነተኛ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ አይቀርም ነበር። የጾም ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል።

9ኛው መልስ የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት። ይህቺ ሴት ጽሑፍ አታበዛም፣ የጻፈችው ሁሉ ግን ፍሬ ነው። ቁሌቱ ቅቤ እስኪገባበት ድረስ የጾም ነው፣ ስለዚህ ግማሹ ሥራ አልቋል ትላለች። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፣ በርበሬው ይብሰል፣ ዘይቱ ቀላ ብሎ ከላይ ይንሳፈፍ። ለእንቁላሉ ድንች ነው። ተቀቅሎ በእንቁላል ቅርጽ ይላጣል። እውነተኛው የወጥ እንቁላል በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ነው ወጡ ውስጥ የሚገባው፣ ድንቹም እንደዚያው ይጫር። ጫሩ ውስጥ ቀይ ሲገባበት ማንም ድንች ነው አይልም። ትዕይንቱ ላይ የሚከፈል ከሆነ ግን መሐሉ ይቦርቦርና የተቀቀለ ሽምብራ ተፈጭቶ በእርድ ቢጫ ተደርጎ ይሞላ፣ አስኳል ይሆናል። ለብልቱ የስንዴ ሊጥ ታጥቦ የሚቀረው የሚለጠጠው ነገር ከአኩሪ አተር ጋር ተቀይጦ ይቀቀላል፣ ከዚያ ወጡ ውስጥ ይገባል። አጥንቱ የሸንኮራ አገዳ ነው። ጫፉ ተልጦ ብቅ ይላል። ተዋናዩ ሲግጠውም ይጣፍጠዋል።

ሸንኮራ! ይሄን የትም አልሰማሁም ነበር።

10ኛው መልስ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ መረቁ ወፈር እንዲልና እንዲያብለጨልጭ ጀላቲን ጨምሩበት አለ። 11ኛው ቆጣ ብሎ አረመው። ጀላቲን ከከብትና ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ጿሚውንም ሙስሊሙንም በአንድ ማንኪያ ልታስቀይም ነው? የበቆሎ ስታርች አለ፣ እሱም ያብለጨልጫል። የሚረጋ ነገር ከተፈለገ ደግሞ ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር አለ። 10ኛው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። 12ኛው መልስ ሰጪ፣ የሰንበት ተማሪ ይመስለኛል፣ በሁዳዴ ዶሮ የሚበላ መምሰል ራሱ ከጾም ጋር ይሄዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሆድ ባይበላም ዓይን እየበላ ነው ባይ ነው። 13ኛው ተዋናይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲጫወት ማንን ገደለ ብሎ መለሰለት። 12ኛው በዚህ ተናዶ ተመለሰ፣ 14ኛ ላይ የትወናን ሙያ ሁሉ ኮነነ። የውይይት መድረኩ ተቆጣጣሪ ገብቶ ሃይማኖቱን ለካህናት፣ ወጡን ለባለሙያ ተዉት አለ። ተገቢ ነበር።

15ኛው መልስ ወደ እንጀራው መለሰን። ልጁ ለፊልም ሜካፕና ለፕሮፕስ ሲሊኮን የሚባለውን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር የሚሠራ ነው፣ በዝርዝር የሚያምን ሰው። መሶቡ ሙሉ እንዲመስል ሃያ እንጀራ ካስፈለገ ከስር ያሉት አሥራ ስምንቱ ለምን እውነተኛ ይሆናሉ ይላል። የፍራሽ ስፖንጅ በስሱ ተሰንጥቆ በቡና ውኃ ቀለም ይያዝ፣ ከሩቅ ዓይን ዓይን አለው። በቅርብ ለሚታይ ግን ስፖንጅ አይሆንም። እንጀራ ሲቆረስ ላላ ብሎ ይሸሻል፣ ስፖንጅ ተስቦ ይመለሳል። እጅ ያጋልጠዋል። ለዚያ ሲሊኮን አለ። እውነተኛ እንጀራ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይነጠፋል፣ ሲሊኮን ይፈስበታል። ሲደርቅ ይላጣል፣ ቅርጹ ተገልብጦ ይወጣል። ያ ቅርጽ በስሱ ቫዝሊን ካልተቀባ፣ የሐሰቱን እንጀራ ለማውጣት የሚፈስበት ሁለተኛው ሲሊኮን ይጣበቅበትና ሁለቱም ይጠፋሉ። ቀለሙም ሲደርቅ ሳይሆን ሲቀየጥ ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም ተራ ቀለም የደረቀ ሲሊኮን ላይ አይዝም። በፕላቲነም የሚጠነክረውን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ የላቴክስ ጓንት አያድርግ። ላቴክስ የነካው ቦታ እንደተዝረከረከ ይቀራል፣ አይጠነክርም። የዶሮ እግር ወይም እንቁላል ቅርጽ ለማውጣት ርካሹ ነገር የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አልጂኔት ነው። በደቂቃዎች ይረጋል። ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጀሶው ቶሎ ይፍሰስበት።

ላይኛዎቹ ሁለት እንጀራዎች ግን እውነተኛ ይሁኑ አለ። በየቴኩ መሐል፣ ማለትም አንዱ ቀረጻ አልቆ ሌላው እስኪጀመር፣ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ። ዳሩ ከተጠቀለለ ተቆርጦ ይጣል እንጂ በውኃ አይረጭ፣ ውኃው ነጠብጣብ ይሠራል። መብራቱም ኤልኢዲ ከሆነ እንደ ድሮው አምፖል ስለማይሞቅ ዕድሜው ይረዝማል። በዚህ ልጅና በ7ኛዋ እናት መሐል ቅራኔ ያለ ይመስላል፣ ግን የለም። እሱ ሐሰቱን ከስር ይደብቃል፣ እሳቸው እጅ የሚደርስበትን ይጠብቃሉ።

16ኛው መልስ አንድ መስመር ናት። የሐሰት እንጀራ ከሲሊኮን ለመሥራት ምን አደከማችሁ፣ ጀሶና ሰጋቱራ የሚቀይጡት ነጋዴዎች ጋ ሄዳችሁ አትማሩም? ክሩ በሳቅ ተሞላ። 17ኛው በርበሬ ውስጥ የሚገባውን የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ የሚገባውን ሙዝ ጨመረበት። ቀልዱ ግን መራራ ነበር፣ 18ኛው ላይም ፈነዳ። ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ምግብ ላይ ቀለም ስለመቀባት ሃያ ሰው ተሰብስቦ ይወያያል፣ አታፍሩም ወይ አለ። ወድቆ የተገኘ እንጀራ ተነስቶ በሚሳምበት ቤት አድጎ፣ ስፖንጅ እንጀራ ብሎ ነገር ማየት እንደሚያመው ጻፈ።

19ኛው በእርጋታ መለሰለት። ስሜቱን ተረዳሁ፣ ሂሳቡ ግን ተገልብጧል አለው። እውነተኛው ምግብ ነው በማግስቱ የሚደፋው። ሐሰተኛው ታጥቦ ለሚቀጥለው በዓል ይቀመጣል። ጃፓኖችን አነሳ። ኢዋሳኪ ታኪዞ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሳካ ላይ የሰም ምግብ ንግድ ጀመረ። ቀደም ብሎ የሠራው ኦምሌት ነበር። የትውልድ ከተማው ጉጆ ሀቺማን ዛሬም በዚህ ሥራ ትታወቃለች። ሰሙ በፕላስቲክ ተተክቷል፣ የምግብ ቤት መስኮት ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። 18ኛው አልተመለሰም። እኔ የሁለቱም ነገር ገባኝ። ግን ጠያቂዋ የጠየቀችው ብዙ ምግብ እንዳይደፋ ጭምር ስለሆነ ቁጣው አድራሻውን የሳተ ይመስለኛል።

20ኛው ቻርሊ ቻፕሊንን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው የወርቅ ፈላጊዎቹ ፊልም ላይ ቀቅሎ የሚበላው ጫማ ሊኮሪስ ከሚባለው ጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነው። ቁም ነገሩ ጫማው አይደለም ይላል፣ ሰውየው ሚስማሩን እንደ አጥንት ሲግጥ ነው ጫማው ሥጋ የሚሆነው። የእኛ ተዋንያን ግን መሶብ ፊት ተቀምጠው ያወራሉ እንጂ አይበሉም። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ለአምስት ደቂቃ ይዘውት ይከራከራሉ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስማማ። በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚቀርቡትን የቱርክ ድራማዎች ያነሳም ነበር፣ የቁርስ ጠረጴዛቸው ሁልጊዜ የተበላበት ይመስላል ብሎ።

21ኛዋ የጻፈችው የቤት እመቤት ነኝ ብላ ነው። በክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩት መልስ የእሷ ነው። ስለ ቀለም አታውቅም። ግን ባለፈው በዓል ባየችው ድራማ ላይ እናትዬው አንድ ዶሮ ገዝታ መጣች፣ መሶቡ ላይ አምስት እግር ወጣ። ዶሮ ብልቱ አሥራ ሁለት ነው፣ እግሩ ሁለት። እግር ስለሚያምር ብቻ እግር አታብዙ፣ ክንፍና አንገትም ሥሩ አለች። ቤት ያለ ሴት ሁሉ ይቆጥራል። ወጥ ሠሪዋ 9ኛ እዚህ ላይ የሚገርም ምስል ለጥፋ ነበር፣ ከዚያው ከስንዴው ነገር የተሠራ አንገት።

22ኛው ስለ መጠጡ አጭር ነው። ለጠጅ ብርዝ፣ ለጠላ ቀሪቦ፣ ለአረቄ ውኃ። ብርሌው ብቻ እውነተኛ ይሁን።

23ኛው መልስ የረዳት ዳይሬክተር ነው፣ ነገሩን በቅደም ተከተል የሚያይ ሰው። ሁሉም ስለ ዕቃ ሲያወራ ስለ ሰዓት ያነሳ የለም አለ። በሰፊው የሚታየው ትዕይንትና ንግግሩ መጀመሪያ ይቀረጽ፣ በሐሰቱ ወጥ። እጅና ወጡ ብቻ በቅርብ የሚታይበት ሾት ለመጨረሻ ይቆይ። ያኔ ከምድጃ የወረደ እውነተኛ ዶሮ ወጥ በትንሽ ትሪ ይቀርባል፣ ቅቤው ሳይረጋ፣ እንፋሎቱም የራሱ ሆኖ። እጁ ደግሞ የተዋናዩ መሆን የለበትም። ከሠራተኛው መሐል የማይጾም ሰው አይጠፋም። እነሱ ጋ የድምፁ ባለሙያ ፕሮቴስታንት ስለነበር የአባትየውን እጅ እሱ ተጫወተ፣ የተረፈውንም ወጥ በሰላም በላው።

24ኛው መልስ የመጣው 23ኛው ከሠራበት ከዚያ ድራማ ተመልካች ነው። አባትየው ጋቢ ለብሰው፣ ቀለበት አድርገው ይቀመጣሉ። ወጡ ቀርቦ ሲታይ ግን ቀለበቱ ጠፍቶ ክንዱ ላይ ትልቅ የስፖርት ሰዓት አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ዶሮውን ትቶ ስለ ሰዓቱ ሲከራከር ነው ያመሸው።